ክራር ለ«ስዌርቴ»፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው

ሻኪራ እ.ኤ.አ. በ2001 «ዌንኤቨር፣ ዌርኤቨር» የሚል የፍቅር ዘፈን አወጣች። ያንኑ ዜማ «ስዌርቴ» ብላ በስፓኒሽም ዘፈነችው። ስዌርቴ ዕድል ማለት ነው። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን በክራርና በዋሽንት ልንጫወታቸው ነው።

የምንጫወተው ጓደኛችን ሰርግ ላይ ነው። ሙሽራው የሚሠራው ናይሮቢ ነው። ሙሽራዋ አዲስ አበባ ናት። ፍቅራቸው በስልክ ነው ያደገው ማለት ይቻላል። ዘፈኑን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ሩቅ አገር መወለድህ ዕድል ነው፣ አብረን በርቀቱ እንስቅበታለን የሚል ዘፈን ስለሆነ ምርጫቸው ገብቶኛል። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ጊዜ አለን፤ የሚባክን ግን የለንም።

እኔ ክራር ነኝ። ዋሽንት፣ ቤዝ ጊታርና ከበሮ አለን። አንዲት ድምፃዊት አለችን፤ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ስፓኒሽ ግን ዘፍና አታውቅም።

ለምን ክራር? ዘፈኑ ውስጥ ቻራንጎ አለ። ቻራንጎ የአንዲስ ተራሮች መሣሪያ ነው፤ ቦሊቪያና ፔሩ ውስጥ በየመንደሩ ይገኛል። ትንሽ ነው። አሥር ክር አለው፤ ክሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአምስት ጥንድ ይወጠራሉ። ድሮ ጀርባው አርማዲሎ ከሚባል እንስሳ ቅርፊት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው ከእንጨት ነው። የእኔ ክራር ስድስት ክር ብቻ ነው ያለው፤ ገበቴውም በቆዳ የተለበጠ ነው። ሲታዩ አይመሳሰሉም። ሲገረፉ ግን የሁለቱም ድምፅ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይጠፋል። ለዚህ ዘፈን የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ጊታር ብናስገባ ድምፁ እየተጎተተ ቃሉን ይሸፍንብናል። ቃሉ ደግሞ ብዙ ነው።

ማዳመጥ

ሰሞኑን ሁለቱን እያፈራረቅሁ ነው የማዳምጠው። የሻኪራን ድምፅ ትቼ ከሥር ያለውን ብቻ ለመስማት እየሞከርኩ ነው።

ከሥር ያለው ያው ነው። ቅኝቱ ሲ ሻርፕ ማይነር። ምቱ አራት በአራት፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 108። ከእንግሊዝኛው ወደ ስፓኒሹ ስሄድ የሚለወጠው አፉና ትንፋሹ ነው።

ዘፈኑን ሻኪራ ከቲም ሚቸልና ከግሎሪያ ኤስቴፋን ጋር ነው የጻፈችው። ግሎሪያ ኩባ ተወልዳ ማያሚ ያደገች፣ በሁለቱም ቋንቋ የዘፈነች ሰው ናት። ሻኪራ የባራንኪያ ልጅ ናት። ባራንኪያ የኮሎምቢያ የካሪቢያን ጠረፍ ከተማ ናት፤ ቻራንጎ የሚሰማባት የተራራ አገር አይደለችም። በአባቷ በኩል የሊባኖስ ዘር አላት። ስለዚህ የአንዲስ ድምፅ ለእሷም የጎረቤት ድምፅ ነው፤ ፈልጋ ያመጣችው። በዚያን ጊዜ ፍቅረኛዋ አርጀንቲናዊ ነበር። ስፓኒሹ ላይ «በደቡብ መወለድህ ዕድል ነው» የምትለው ነገር እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። እንግሊዝኛው ላይ ደቡብ የለም፤ «ያን ያህል ሩቅ» ብቻ ነው የሚለው።

ከዚህ በፊት በ1998 ባወጣችው አልበም ውስጥ አረብኛ የገባበት ዘፈን ነበራት። ያንን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችላት ግሎሪያ ኤስቴፋን ናት። ከዚያ በኋላ ሻኪራ በእንግሊዝኛ ራሷ መጻፍ ፈለገች። ቋንቋውን በአስተማሪ ተማረች፣ የእንግሊዝኛ ግጥም አነበበች። ከዚህ የወጣው «ላንድሪ ሰርቪስ» የተባለው አልበም ነው፤ ሁለቱም ዘፈኖች እዚያው አልበም ላይ አሉ። እንግሊዝኛው በአሜሪካ የቢልቦርድ ዋና ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ስፓኒሹ በላቲን ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከምንሠራው ሥራ ጋር ስለሚያያዝ ነው። እንግሊዝኛው ውስጥ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው የማይላቸው ነገሮች አሉ። ጡቶቿ ትንንሽና ትሑት ስለሆኑ ከተራራ ጋር እንደማታምታታቸው ትነግረዋለች። አንዲስን የምትወጣው ገላው ላይ ያለውን ጠቃጠቆ ለመቁጠር ብቻ እንደሆነ ትነግረዋለች። በወቅቱ የሳቀባት ሰው ነበር። እኔ ግን በጣም ነው የምወደው። በሁለተኛ ቋንቋ የምታስብ ሴት ድፍረት ነው። የለመደ ሰው የሚፈራውን ቃል አንስታ ታስቀምጠዋለች። ለድምፃዊታችንም ይህን ነግሬያታለሁ፤ «እነዚህን ስንኞች አፍረሽ እንዳታሳንሻቸው፣ ደፍረሽ በያቸው»።

ቅኝት

መጀመሪያ ክራሩን ትዝታ ማይነር ቃኘሁት። ሲ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ። አምስቱም በዘፈኑ ስኬል (የድምፆች መሰላል) ውስጥ ያሉ ድምፆች ናቸው። በወረቀት ላይ ምንም ችግር የለም። ግን እንደነካሁት የመጣው ስሜት ሌላ ነው። ከዲ ሻርፕ ወደ ኢ፣ ከጂ ሻርፕ ወደ ኤ ያሉት ግማሽ ድምፆች ጆሮን ወዲያው ወደ ትካዜ ይወስዱታል። ይህ ዘፈን አይተክዝም።

ባቲ ማይነር አደረግኩት። ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ። ስድስተኛው ክር ላይ ከፍ ያለው ሲ ሻርፕ።

እዚህ ላይ ዘፈኑ ገባልኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአንዲስ የሕዝብ ሙዚቃ፣ በተለይ ዋይኖ የሚባለው ጭፈራ፣ በብዛት የሚቆመው በእነዚሁ አምስት ድምፆች አደራደር ላይ ነው። ፈረንጆች ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል፤ እኛ ደግሞ ባቲ ማይነር። ወሎና የፔሩዋ ኩስኮ ሳይተዋወቁ እዚያው ደርሰዋል። ክራሩን ይዤ ስቀመጥ ዘፈኑን ወደ እኛ ለማምጣት ምን ላድርግ የሚለው ጭንቀት ቀለለኝ። ብዙ መጎተት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። የዘፈኑ ስኬል ሰባት ድምፅ አለው። እኔ አምስት ነው ያለኝ። የጎደሉኝ ኤ እና ዲ ሻርፕ ናቸው። ኤ ኮርድ (ኮርድ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ናቸው) ሲመጣ ምን አደርጋለሁ? መልሱ ቤዙ ነው። ቤዙ ኤ ይመታል፤ እኔ ሲ ሻርፕና ኢ እለቃለሁ። ሦስቱ ሲገናኙ ኮርዱ ሙሉ ነው። ቢ ኮርድ ላይ ቢ እና ኤፍ ሻርፕ ብቻ አለኝ፤ መሀሉ ባዶ ነው። ባዶነቱን ተውኩት፤ ድምፃዊቷ በዜማዋ ትሙላው። ኢ ኮርድ ላይ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፤ ሁሉም በእጄ ነው።

ይህን የሚሠራው ግራ እጅ ነው። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ስድስቱንም ክር ይመታል። የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው እንዳይሰሙ የተፈለጉትን ክሮች ይይዛሉ። የተለቀቀው ይናገራል። ስለዚህ ለእኔ ኮርድ መቀየር ማለት የትኛውን ጣት አነሳለሁ ማለት ነው። ከሲ ሻርፕ ማይነር ወደ ኤ ስሄድ ጂ ሻርፕን መያዝ ብቻ ይበቃል፤ አንድ ጣት ነው። ከኤ ወደ ቢ ግን ከጂ ሻርፕ በቀር ሁሉም ይገለበጣል። የተያዙት ይለቀቃሉ፣ የተለቀቁት ይያዛሉ። በ108 ፍጥነት ይህ ቀላል አይደለም። ማታ ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ ያለ ድምፅ የማለማምደው ይህንኑ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ኤ፣ ቢ።

ድምፃዊቷ አንድ ድምፅ ዝቅ እናድርገው ብላ ጠይቃ ነበር። ሞከርነው። አዝማቹ ቀለላት፤ የስንኙ መጀመሪያ ግን ደረቷ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሻኪራ እዚያ ቦታ ላይ ዝቅ ብላ፣ ልትነግርህ እንጂ ልትዘፍንልህ እንዳልሆነ አድርጋ ነው የምትጀምረው። ያ ከጠፋ ዘፈኑ የለም። በነበረበት ይቆይ ተባባልን።

ዋሽንት

ዋሽንት ነፊያችን መአት ዋሽንት አለው፤ ቦርሳው ሙሉ ነው። ከሲ ሻርፕ የሚነሳ ግን አልነበረውም። ሲ አለው፣ ዲ አለው። አንዱን ቆርጠህ አሳጥረው አልኩት። አይሆንም አለኝ፤ ጫፉ ሲያጥር የቀዳዳዎቹ ርቀት ይዛባል። አዲስ ሸምበቆ ይዞ ራሱ ሠራት።

አራት ቀዳዳ፣ አምስት ድምፅ። ለባቲ የተሠራች ነው የሚያስብለው። ጠንከር አድርጎ ሲነፋት ያው አምስቱ ከላይ ይደገማሉ። የአንዲሱ ኬና የሚባለው ዋሽንት ከፊት ስድስት፣ ከኋላ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ሰባቱንም ድምፅ ይሰጣል። እኛ አያስፈልገንም።

የተነጋገርነው ስለ አነፋፉ ነው። የእኛ ዋሽንት ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሄድ ይንሸራተታል፣ ያንቀጠቅጣል፤ ውበቱ እሱ ነው። አንዲስ ላይ ሲኩ የሚባል ቱቦዎች ተደርድረው የታሰሩበት መሣሪያ አለ። አንድ ቱቦ አንድ ድምፅ ነው፤ መንሸራተት የለም። እያንዳንዱ ድምፅ በራሱ ትንፋሽ ይወጣል። የዚህን ዘፈን መግቢያ በዚያ መንገድ አጭር አጭር አድርገህ በምላስህ ቁረጠው አልኩት። መጀመሪያ ደስ አላለውም። ከዚያ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ መግቢያው ላይ ቆርጦ ይነፋል፣ በመጨረሻው ላይ ቃል ሲያልቅ የእኛን ማንሸራተት ይለቃል። ሐሳቡ ከእኔ ይሻላል። ይዘነዋል።

ለማስታወስ፦ ዋሽንቷ ስትሞቅ ድምፅ ትጨምራለች። ከመድረክ በፊት ይሞቃት፣ ከዚያ እኔ ክራሬን በእሷ ልክ እቃኛለሁ። የክራሬም ቆዳ የራሱ ጠባይ አለው። እርጥበት ሲኖር ይረግባል፣ ክሮቹም አብረው ይወርዳሉ።

ቀለም መቁጠር

ዛሬ የሁለቱን ግጥም በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ቀለም በቀለም ቆጠርኩት፤ ቀለም ማለቴ ቃሉ ሲነገር የሚከፋፈልበትን እያንዳንዱን የድምፅ ክፍል ነው። ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት።

የመጀመሪያው መስመር በእንግሊዝኛ አሥር ቀለም ነው። በስፓኒሽም አሥር ነው። ሁለቱም የሚጀምሩት ሁለት ቀለም ባለው፣ መጀመሪያው ላይ በሚጠነክር ቃል ነው፤ «ለኪ» እና «ስዌርቴ»። ቀጥሎ ያለው ስምንት በዘጠኝ ነው። ሦስተኛው እንደገና አሥር በአሥር። አራተኛው ዘጠኝ በዘጠኝ። ቤት መምቻውም በሁለቱም ተጠብቋል። እንግሊዝኛው ሙሉ ቤት ይመታል። ስፓኒሹ በአናባቢ ብቻ ያስተሳስራል፤ «ዲስታንሲያስ» እና «ኤስትራኛስ»። ጆሮ ግን ይረካል።

ይህ በአጋጣሚ አይመጣም። በአማርኛ ለዜማ ግጥም የጻፈ ሰው ያውቀዋል። ቀለሙ አንድ ቢተርፍ ዘፋኙ ይጣደፋል፣ አንድ ቢጎድል ይጎትታል። እዚህ ሁለት ቋንቋ በአንድ ዜማ ላይ ተቀምጦ የትም ቦታ አያነክስም። የግጥሙ ጸሐፊዎች ስለ ሐሳቡ ብዙም አልተጨነቁም። ከንፈሯ እንግሊዝኛው ላይ መሳም እንደ ምንጭ ያፈስሳል፤ ስፓኒሹ ላይ እውነተኛ ከንፈር ስለሆነ በበለጠ ጉጉት ይስማል። ሌላ ነገር ነው የተባለው። ቀለሙ ግን ልክ ነው። እኔ እንደማየው ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ሐሳቡን እንዳለ አስተላልፎ ዜማውን ከማሰናከል፣ ዜማው ላይ በደንብ የሚቀመጥ ሌላ ሐሳብ ይሻላል። ዘፈን የሚሰማው መጀመሪያ በሰውነት ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው አዝማቹ ላይ ነው። አጀማመሩ እኩል ነው፤ ስድስት በስድስት፣ ከዚያ ሰባት በሰባት። «ኪዬሮ ቢቢር ላ ቢዳ» ከሚለው ቀጥሎ ግን ስፓኒሹ ይረዝማል። እንግሊዝኛው በአሥራ ሦስት ቀለም የሚጨርሰውን ስፓኒሹ በአሥራ ስድስት ነው የሚጨርሰው። ቦታው ያው ነው፣ ቃሉ በዛ። የቀረኝን ዕድሜ ሁሉ ካንተ ጋር መኖር እፈልጋለሁ የምትለው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ፣ እየተጣደፈች። መጣደፉ ራሱ ደስ ይላል።

ለእኔ የሚሆን ሥራ ከዚህ ወጣ። እንግሊዝኛው አዝማች ሥር እገርፋለሁ፣ በየግማሽ ምቱ። ስፓኒሹ አዝማች ላይ ስንደርስ፣ ቃሉ ከሚበዛበት ቦታ ጀምሮ ግርፉን አቁሜ ወደ ድርደራ፣ ክሩን አንድ በአንድ ወደ መንካት፣ እገባለሁ። ሁለት ክር ብቻ፣ ኢ እና ጂ ሻርፕ። ለሦስቱ ትርፍ ቀለማት ቦታ እለቃለሁ ማለት ነው።

ጋሼ

ስፓኒሽ የሚያስተምረን ሰው ከሰፈራችን ተገኘ። ኩባ የተማሩ ናቸው። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ናቸው፤ ያደጉት የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ ነው። ቋንቋው እስከ ዛሬ አፋቸው ላይ አለ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ግጥሙን አትመን ወሰድንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያ ድምፃዊቷን አስነበቧት።

«አንቺ ልጅ፣ ቪዳ አትበይ። ቢዳ በይ።»

«ጋሼ፣ የተጻፈው እኮ በቪ ነው።»

«የተጻፈውን ተዪው። እስቲ አበባ በይ።»

«አበባ።»

«መሀል ያለችውን ብ ሰማሻት? ከንፈርሽ ገጥሞ አይዘጋም። ቢቢር ስትዪ ሁለተኛዋ ብ እሷ ናት።»

ደገመችው። ወዲያው ተለወጠ። እኔ ይህን ዕድሜዬን ሙሉ አበባ እያልኩ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ቀጠሉ። «ቲዬራስ» ላይ ያለው ር ይጠብቃል፤ መረረ ስንል እንደምናጠብቀው። «ኬሪዳ» ወይም «አማር» ላይ ያለው ግን ይላላል። እንግሊዞች የሚሰቃዩበትን እኛ በነጻ አግኝተነዋል ብለው ሳቁ። «ኤስትራኛስ» ላይ ያለውን ኝ ሲያዩ ምንም አላስተማሯትም፤ «ይሄ የራስሽ ፊደል ነው» አሏት። «ሞንታኛስ»ም ያው ነው። ያስቸገራት «ናሲዶ» ላይ ያለችው ድ ናት። አናባቢ መሀል ስትገባ ትሳሳለች፤ ምላስ ጥርስን ነክቶ አየር ያሳልፋል። ያንን እኛ የለንም። እሷ ላይ ገና እየሠራን ነው።

አንድ ቦታ ላይ ተከራከርን። ጋሼ በኩባ ልማድ ቀለም መጨረሻ ላይ ያለውን ስ ይውጡታል። «ዲስታንሲያስ» የሚለውን «ዲታንሲያ» ሊሉት ምንም አይቀራቸው። ድምፃዊቷ የእሳቸውን ይዛ መጣች። እኔ ደግሞ ቅጂው ላይ ሻኪራ ስን በግልጽ ትላለች አልኩ። ስልኬን አውጥቼ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ልክ ነህ፤ ትላለች። እንግዲህ ዘፈኑ የእሷ ነው፣ እንደ እሷ ይሁን።»

ከዚያ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደረሱ። ስለ ጡትና ስለ ተራራ የሚለው ላይ። ዝም ብለን ጠበቅን። ሰርጉ ላይ ሽማግሌዎች አሉ፣ የሁለቱም ቤተሰብ አለ።

«ይህን በየትኛው ቋንቋ ልትዘፍኑት ነው?»

«አልወሰንንም ጋሼ።»

«በስፓኒሽ አድርጉት። ሴትዮዋ ራሷን እያመሰገነች ነው፤ ነውር የለበትም። ግን በስፓኒሽ አድርጉት።»

በዚሁ ተወሰነ። የመጀመሪያው ስንኝና አዝማች በእንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው በስፓኒሽ።

ምት

ከበሮ መቺያችን በስድስት ስምንተኛ፣ በችክችካ እናድርገው አለ። ሰርግ ነው፣ ሕዝቡ ይነሳል አለ። እውነቱን ነው፤ ይነሳል።

እኔ አልተስማማሁም። ቀለሞቹን የቆጠርኩት በከንቱ አይደለም። እነዚያ አሥር ቀለማት በአራት በአራት ምት ላይ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የተቀመጡት። በችክችካ ሦስት ሦስት ይሆኑና ቃሉ ይንገዳገዳል። የእንግሊዝኛውም የስፓኒሹም። ሞክሩት ብዬ አስዘፈንኳት። «ለኪ ዩ ወር ቦርን» የሚለው ተበታተነ። ሁላችንም ሰማነው።

የተገኘው መፍትሔ ይህ ነው። ቃል እስካለ ድረስ አራት በአራት። ቃሉ ሲያልቅ ከበሮው ወደ ችክችካ ይሄዳል። የእግር ምቱ አይቀየርም፤ ያው 108 ነው። በአንዱ ምት ውስጥ ሁለት የነበረው ሦስት ይሆናል፤ በቃ። ጨፋሪው እግሩን ሳያቆም ትከሻው ይለወጣል። ዋሽንቱም ማንሸራተቱን የሚለቀው እዚሁ ላይ ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ተገናኙ።

መጋጠሚያው

ቋንቋው የት ላይ ነው የሚቀየረው? ይህ ለብዙ ቀን አላስተኛኝም ነበር። ከእንግሊዝኛ አዝማች ቀጥታ ወደ ስፓኒሽ ስንኝ ስንገባ ሰሚው ይደናበራል፤ ድምፃዊቷም አፏን ለማስተካከል ጊዜ የላትም።

መልሱ ዘፈኑ ውስጥ ነበር። «ሌሮ ሎ ሌ ሎ ሌ» የምትልበት ቦታ አለ። ያ በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ቋንቋ የለውም። አንደኛው ዙር ላይ በእንግሊዝኛ እግርህ ሥር ነኝ ብላ ትጨርሰዋለች፤ በስፓኒሹም ያንኑ ነው የምትለው። ስለዚህ እዚያ ላይ እጥፍ አድርገን ደገምነው። የመጀመሪያው ዙር የሚያልቀው በእንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው በስፓኒሽ «ኤስቶይ አ ቱስ ፒዬስ» ብሎ። ከዚያ «ስዌርቴ» ይገባል። አሁን ማንም አይደናበርም። ሰሚው ሌሮ ሎ እያለ ሳለ ቋንቋው ተቀይሯል።

እዚህ ቦታ ላይ ክራሩን ብቻዬን ነው የምመታው። ቤዙ ዝም፣ ከበሮው ዝም። ሲ ሻርፕና ጂ ሻርፕ።

ቀረጻ

ለልምምድ እንዲሆነን ቀረጽነው። ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን። ማይኩን ክራሩ ፊት በቀጥታ ሳስቀምጠው የቆዳው ጉምታ ሁሉን ነገር ዋጠው። ከቆዳው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ ክሩ ወደሚያርፍበት ብርኩማ በጎን ሳዞረው ክሩ ተሰማ። ዋሽንቱን ከአፉ ሳይሆን ከጣቶቹ በኩል ቀረጽነው፤ የትንፋሹ ሽውታ ቀነሰ።

መሀል ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ስለነበረው ስፓኒሹን አዝማች በጨለማ ጨረስነው። ከሁሉም የተሻለው ቅጂ እሱ ነው። ድምፃዊቷ ወረቀቱን ማየት ስላልቻለች በቃሏ ዘፈነችው፤ «ቢቢር» ላይ ያለችው ብ ፍጹም ነበረች። ከዚህ በኋላ ወረቀት የለም አልኳት።

ቅጂውን ለሙሽሮቹ አላሰማንም። ለጋሼ ላክንላቸው። በድምፅ መልእክት መለሱ። «ድ» ገና ነች አሉ። ሌላው ተመችቷቸዋል።

ከሰርጉ በኋላ

ተጫወትነው። አዳራሹ ትልቅ ነበር፤ የክራሩ ግርፍ እንደፈራሁት አልጠፋም። ዋሽንቷን ከመድረኩ ጀርባ አሙቀናት ስለነበር ተገጣጠምን። ከኤ ወደ ቢ ያለችው ጣት መቀያየር ሁሉም ጊዜ ወጣች።

እንግሊዝኛው ላይ ወጣቶቹ አብረው ዘፈኑ፤ ብዙዎቹ ዘፈኑ ሲወጣ ሕፃናት ነበሩ፣ ግን ያውቁታል። «ሌሮ ሎ» ላይ ሁሉም ገባበት፣ አክስቶቹም ጭምር። ስፓኒሹ ሲጀምር አዳራሹ ዝም አለ፤ ይሰሙ ነበር። የሚሰሙት ቃሉን አይደለም፣ አይገባቸውም። እሷ ግን እየተጣደፈች የቀረኝን ዕድሜ ስትል ሙሽራው ወደ ሙሽራዋ ዞሯል። ትርጉሙን ቀድሞ አጥንቶት ነበር። ጋሼ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ሁለተኛውን ስንኝ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አብረው አሉት። ችክችካው ሲገባ መድረኩ ሞላ።

አሁን ስፓኒሹን ብቻውን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልንቀርጸው ነው። ክራሩ ከስፓኒሹ ጋር የበለጠ ይግባባል፤ የአናባቢዎቹ መከፈት ለአጭር ድምፄ ቦታ ይሰጠዋል። ለዚህኛው ሁለተኛ ክራር እጨምራለሁ። እሱን ትዝታ ማይነር እቃኘዋለሁ፤ የጎደሉኝ ኤ እና ዲ ሻርፕ ያሉት እዚያ ነው። አንዱ የያዘውን ሌላው ይለቃል። ክሩን ገዝቻለሁ። «ናሲዶ» ላይ ያለችውን ድ ለመጨረስ ማክሰኞ ጋሼ ቤት ነን።